ቅድስና የመሰለው የልብ ድካም

እኔ መናኝ አይደለሁም፤ ጠላ ሻጭ ነኝ። ትክል ድንጋይ ከተማ፣ ገበያው ዳር ቤቴን ከፍቼ አንድ ልጄን ያሳደግኋት በጠላ ነው። አፌም የጠላ ቤት ሴት አፍ ነው፤ ሰክሮ የሚያስቸግር ሰው ካለ ስድቤ ከገበያው ማዶ ይሰማ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አገሬው ቅድስት አድርጎኝ ስለነበር ነው፤ ሊገድለኝ የነበረውም ይኸው ቅድስና ነው። እኔ እናገራለሁ፣ ልጄ የኔነሽ ትጽፋለች፤ ስድቡን እየቀነሰች እንደምትጽፍ አውቃለሁ። ቤታችሁ ውስጥ ተቀምጦ የሚያድር፣ ምግብ የሚገፋ፣ እግሩ የሚያብጥ ሰው ካለ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ሲጀምረኝ ትንፋሽ ነበር። ከምንጭ ስመለስ የምወጣት አጭር አቀበት አለች፤ ድሮ እንስራ አዝዬ ሐሜት እያወራሁ የምወጣት ናት። መሐሏ ላይ እየቆምኩ፣ ለአላፊ አግዳሚው ሰላምታ የማቀርብ መስዬ ማረፍ ጀመርኩ። ከዚያ ሳል መጣ፤ ጋደም ስል የሚብስ፣ ቀና ስል የሚተወኝ። ቀጥሎ ሆዴ እንቢ አለ። ጥቂት ጉርሻ እንደጎረስኩ ጥግብ እላለሁ፤ ከቀኝ ጎድኔ ሥር ድንጋይ የተቀመጠ ይመስል ይከብደኛል።

ሐኪም ቤት አልሄድሽም እንዳትሉኝ። አንዱ ክሊኒክ ጨጓራ ነው ብሎ ነጭ ፈሳሽ መድኃኒት ሰጠኝ። ሌላው ደረቴን አዳምጦ አስም ነው አለና የሚነፋ መድኃኒት አዘዘልኝ። ሌላው ደግሞ ታይፎይድ አለኝ፤ እኛ አገር ታይፎይድ ነው ያልተባለ ሰው ያለ አይመስለኝም። ወረፋ ስጠብቅ በሽተኛው ሁሉ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተጋድሞ ያቃስታል፤ እኔ ብቻ ቀጥ ብዬ እቀመጣለሁ፤ ብጋደም ያፍነኛላ። ካርድ የምታወጣው ልጅ አየት አድርጋኝ «አስታማሚዋ፣ በሽተኛሽ የታለ?» ትለኛለች። አንዳቸውም ጫማሽን አውልቂ ብለው እግሬን አላዩም።

ቤቴ ውስጥ መደብ ላይ፣ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ማደር ጀመርኩ። እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ወደ ጎን ከተንሸራተትኩ ውኃ ውስጥ እንደተደፈቀ ሰው አየር ፍለጋ ብድግ እላለሁ። በሩን ከፍቼ ብርዱን እምጋለሁ። ሞት መጣ እያልኩ እንደፈራሁ ይነጋል። ጎረቤቴ ደብሬ ማልዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በተከፈተው በር ታየኛለች፦ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከንፈሬ እየተንቀሳቀሰ። ከንፈሬ የሚንቀሳቀሰው ለትንፋሽ ነው። እሷ ግን ጸሎት ነው ብላ ወሰደችው።

ጋን ማጠብና ማንሳት ስላቃተኝ መጥመቁን ተውኩ። ያኔ ሁዳዴ ገብቶ ነበር። ትርንጎ ጠላውን ተወች፣ እህል አትቀምስም፣ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጣ ታድራለች የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ።

በጸሎተ ሐሙስ የንስሐ አባቴ ቄስ ሞላ እንደ ልማዱ የምእመናኑን እግር አጠቡ። ተራዬ ሲደርስ እግሬ ከጫማው አልወጣ ብሎ ደብሬ ጎትታ አወጣችልኝ። ቄሱ በሁለት እጃቸው ይዘው በቅጠል አሻሽተው ሲለቁት፣ ጣቶቻቸው ያረፉበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። እያንዳንዱ ጣት ተለይቶ ይታያል። ቄሱ ደንግጠው እጃቸውን ሰበሰቡ። እግሬንም፣ ፊቴንም አዩና ወደ ቀጣዩ ሰው ዞሩ። ደብሬ ግን ከጎኔ ሆና አይታ እልል አለች። ቆመው ሲጸልዩ እግራቸው ስላበጠ ጻድቃን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማ ያደግን ሕዝብ ነን፤ የካህን ጣት ሥጋዋ ላይ ታትሞ የቀረ ሴት ሲያዩ ሌላ ምን ይበሉ?

ፋሲካ ሲደርስ አገር ሲገድፍ እኔ የዶሮው ሽታ አቅለሽልሾኝ ፊቴን አዞርኩ። በዚያው ነገሬ ሁሉ አለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ትርንጎ መባሌ ቀረና እማሆይ ተባልኩ።

ጠላ ሊጠጡ ይገቡበት በነበረው በር ጧፍ ይዘው ይገቡ ጀመር። ጉልበቴን ይስማሉ፤ እግሬን ይጫኑና ጉድጓዱን ለልጆቻቸው ያሳያሉ። «እኔ አልጸለይኩም፤ መተንፈስ አቅቶኝ ነው የተቀመጥኩ» ስላቸው እርስ በርስ ይተያዩና «ትሕትናዋ» ይላሉ። «እህል አይወርድልኝም» ስል «ጾሟን ልትሰውር ነው» ይላሉ። አንድ ቀን ብሽቅ ብዬ የጠላ ቤቱን ስድብ አወረድኩባቸው፤ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው «የመናኝ ስድብ በረከት ነው» ብለው አመስግነውኝ ወጡ። መታመሜን የሚያምነኝ ሰው ጠፋ። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

አንዲት እናት ትኩሳት ያቃጠለው ሕፃን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። እሳት ነው። «ወደ ጤና ጣቢያ ሩጪ፤ እኔ ምንም የለኝም» አልኳት። ፈገግ ብላ እጄን አንስታ የልጁ ግንባር ላይ አደረገችውና ተመርቃ እንደወጣች ሰው ደስ ብሏት ሄደች። ልጁ ሞተ። በእኔ ግን አላዘነችም፤ እንዲያውም ነፍሱን ስላሳረፍሽልኝ ብላ ሻሽ አመጣችልኝ። ያንን ሻሽ አላደረግሁትም፣ አልጣልኩትምም።

ደብሬ ጠበል በጆግ እያመጣች በባዶ ሆድ ታስጠጣኛለች። እኔም ምናልባት ብድን ብዬ እጠጣዋለሁ። በጠጣሁ ቁጥር ሆዴ እንደ ከበሮ ይወጠራል። በጠበሉ የሚፈርድ ሰው እንዳይኖር፤ ውኃ የማይችል ገላ ውስጥ ያን ያህል ውኃ የሚጨምር ሰው ነው ጥፋቱ። ያኔ ግን ያን ማን ያውቃል።

ልጄ የኔነሽ ጎንደር፣ ቀሐ ሰፈር ቤት ተከራይታ ልብስ ትሰፋለች። እናትሽ መናኝ ሆነች የሚለው ወሬ እዚያ ድረስ ደርሷት፣ በገዛ እጇ የሰፋችውን ጥቁር ቀሚስ ይዛልኝ መጣች። ደስ ብሏት ነው የመጣችው፤ እናቷ ጠላ መሸጧ ያሳፍራት ነበርና። ከበሩ ገብታ አይታኝ ቀሚሱን መሬት ላይ ጣለችው።

«እማዬ፣ ከንፈርሽ ምነው ጠቆረ?» አለችኝ።

«እየሞትኩ ነዋ» አልኳት።

ያ ቃሌ እንደ ትሕትና ያልተቆጠረው የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ማኪና ጠርታ ልትወስደኝ ስትል ግን በሩ በሰው ተሞላ። «ቅድስናዋን ሐኪም ሊበሳው ነው? እዚሁ በደብሯ ትረፍ እንጅ» ይላሉ። አንዱ የሾፌሩን ቁልፍ ቀማ። የኔነሽ ስትለምን፣ ስታለቅስ፣ ስትቆጣ ዋለች፤ አልሆነም። በመጨረሻ እንባዋን ጠርጋ ወጣችና ጥቁሩን ቀሚስ ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። «ጎንደር ወስጄ ላመነኩሳት ነው የመጣሁ» አለች። ሰፈሩ በእልልታ ተናወጠ። ቁልፉ ተመለሰ። ሊከለክሉኝ የነበሩት ሰዎች ራሳቸው በቃሬዛ ተሸክመው፣ እየዘመሩ ማኪናው ላይ አወጡኝ። ቃሬዛው ላይ አጋድመውኝ ስለነበር መዝሙሩ ሲያልቅ ራሴን ስቼ ነበር፤ ተመስጦ ነው አሉ።

ሆስፒታል ስንደርስ ተቀባይዋ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። የመጀመሪያ ጥያቄዋን እስክሞት አልረሳውም።

«እማማ፣ በስንት ትራስ ነው የሚተኙት?»

«በትራስ አልተኛም። በግድግዳ ነው» አልኳት።

«ሌሊት አፍኖዎት ይነሳሉ?»

አዎን ለማለት አፌን ከፍቼ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ስናገረው የኖርኩትን ነገር ከእኔ ቀድማ የምታውቅ ሰው አገኘሁ። ጫማዬን አውልቃ አውራ ጣቷን ቅልጥሜ ላይ ተጭና አነሳች። ጉድጓዱ ቀረ። ለልጄ አሳየቻትና «ይህ ውኃ ነው» አለች። እልልታ የለ፣ ምን የለ።

እንዲህ ብላ አስረዳችን። ልብ ደም የሚገፋ ፓምፕ ነው። ሲደክም ደሙ ወደ ኋላ ይከማቻል፤ ውኃው እግር ላይ፣ ሆድ ውስጥ፣ ጉበት ላይ፣ ሳንባ ላይ ያቁራል። ሲተኙ ውኃው ሳንባን ስለሚያጥለቀልቅ ተቀምጠው ያድራሉ። ጉበትና አንጀት ስለሚያብጥ ምግብ ይገፋሉ። ጾሜም፣ ትጋቴም፣ የቄሱ ጣትም በአንድ ትንፋሽ ተተረጎመ። «በልጅነትዎ ጉሮሮና መገጣጠሚያ ያምዎት ነበር?» አለችኝ። ያመኝ ነበር፤ እንጥሌን ቆርጠው ተገላገልሽ ብለውኛል። ደም የሚያልፍበትን የልቤን በር ያኮማተረው ያ ሳይታከም የቀረው ሕመም ነው አለች።

በመርፌ የሚያሸና መድኃኒት ሰጡኝ። ያ ሁሉ ውኃ ከእኔ ሲወጣ ከሥሩ የቀረሁት እኔ ቆዳና አጥንት ነበርኩ። የኔነሽ ክንዴን አይታ ዞር ብላ አለቀሰች። አጠገቤ የተኛችው ከአይከል ከተማ የመጣች ሴትዮ፣ እሷም ልቧን የታመመች፣ ገንፎዋን እያካፈለች «ብይ፣ አጥንት ብቻ ሆነሽ ለማን ትተርፊያለሽ» ትለኛለች። በሁለት ትራስ ጋደም ብዬ ያደርኩበትን ሌሊት ደስታ ግን ልነግራችሁ አልችልም። መተኛት እንዲህ ይጣፍጣል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። የአይከሏ ሴትዮ እኔ ከሆስፒታል ሳልወጣ ሞተች፤ አልጋዋ ሳይቀዘቅዝ ሌላ በሽተኛ ተኛበት።

ድኜ ወጣሁ ብዬ ነበር። ቀሐ ልጄ ጋ ሆኜ ኪኒኔን ሳላዛንፍ እየዋጥኩ፣ ጨው ትቼ፣ ውኃ በልክ እየጠጣሁ ውኃው ተመለሰ። ሆስፒታል ተኛሁ፤ ወጣሁ፤ እንደገና ተኛሁ። የኔነሽ እኔን ስትጠብቅ የሰው ልብስ ሳትሰፋ እየቀረች ደንበኞቿ ሸሿት። አንድ ቀን «አንቺም አላረፍሽ፣ እኔም አላረፍኩ» ብላኝ ደነገጠች። አልተቀየምኳትም። እኔም ያንኑ ሳስብ ነበር።

ያቺ ሐኪም መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቆሞ የሚያወራ ሐኪም ሲቀመጥ ጥሩ ነገር አያወራም።

«እማማ፣ የልብ ድካም ሁሉ አንድ አይደለም» አለችኝ። «መድኃኒቱ ሲጀመር ተሽሎት ለዓመታት ሥራውን የሚሠራ ብዙ ሰው አለ። የእርስዎ የገፋ ነው። የገፋ የምንለው መድኃኒቱን በትክክል እየወሰዱ ልብስ መልበስ እንኳን የሚያደክም ሲሆን፣ ሰውየው ሆስፒታል እየተመላለሰ ሲተኛ፣ የሚያሸናው መድኃኒት እየተጨመረ እብጠቱ እንቢ ሲል ነው። የደም ግፊትዎ ወርዶ ሌሎቹን መድኃኒቶች መሸከም አቅቶዎታል። ኩላሊትዎም መድከም ጀምሯል። ሰውነትዎ መክሳቱም አንዱ ምልክት ነው።»

«ይድናል?» አልኳት።

«አይድንም። ልናቀለው እንችላለን።»

«የልቤ በር አይሠራም?»

ማዳመጫዋን ከአንገቷ አወለቀች። ከዚያ «ቀደም ብሎ ቢሆን ይቻል ነበር» አለችኝ። «አሁን ልብዎ ቀዶ ጥገናውን አይችለውም። ልብ መቀየር የሚባል ነገር ሌላ አገር አለ፤ እኛ ጋ የለም።»

ቀደም ብሎ ማለት መቼ እንደሆነ አውቄዋለሁ። ደረቴን አዳምጠው አስም ያሉኝ ጊዜ ነው። ጉልበቴን የሚስሙት ጊዜ ነው። ያን ቀን የተናደድኩትን ንዴት የኔነሽ ጽፋ ቀድዳዋለች፤ እኔ ግን አሁንም ተናድጃለሁ።

ሐኪሟ መድኃኒቱን አስተካክላ፣ የምበላውን መርጣ ወደ አገሬ ሸኘችኝ። ክብደቴን እንድከታተል፣ በድንገት ከጨመርኩ ውኃ ነውና ሳልውል ሳላድር እንድመጣ ነገረችኝ። ትክል ድንጋይ ሰው የሚመዝን ሚዛን ከየት ይመጣል? ወፍጮ ቤት ሄጄ ከማሽላው ጆንያ ጋር ተራ ይዤ እመዘናለሁ። ባለወፍጮው «እትዬ፣ ዛሬ ልፍጭሽ ወይስ ልመዝንሽ?» እያለ ይቀልዳል። ሁልጊዜ ግን ቀድሞ ያስገባኛል።

ሌላው ሰው ግን ፊቱን አዞረብኝ። እማሆይ ብለው የሸኙኝ እኔ ጥቁር ሳልለብስ፣ ቆብ ሳልደፋ፣ በሁለት ትራስ ተኝቼ፣ ጠዋት ኪኒን ውጬ እንቁላል ስበላ አዩኝ። ቄስ ሞላ በጾም ማልጄ እንድበላ ፈቅደውልኛል፤ ቤቴ ድረስ መጥተው እግሬን አይተው «ልጄ፣ ያኔ እኔም ፈርቼ ነበር» ብለውኛል። ፍርሃታቸውን ለሕዝቡ ግን አልነገሩትም። ደብሬ ጸጋው ተለያት አለች። ጧፉ ቀረ፤ በሬን የሚረግጥ ጠፋ።

ይባስ ብሎ ጸጋው ከእኔ ተነሥቶ ወደ አያ በለጠ ተሻገረ የሚል ወሬ መጣ። አያ በለጠ ከከተማው በላይ ዳገቱ ላይ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ሞፈር ቀንበር ሰቅለዋል፣ ምሰሶ ተደግፈው ተቀምጠው ያድራሉ፣ እህል አይቀምሱም፣ እግራቸው ከመቆም ብዛት አብጧል አሉ። የሰማሁ ቀን በቅሎ ለምኜ ወጣሁ። ልታስታምመኝ አብራኝ የመጣችው የኔነሽ «ልብሽን ታጠፊዋለሽ» ብላ ለመነችኝ። አልሰማኋትም።

ቤቱ በሰው ተሞልቷል። አያ በለጠ ጋቢያቸውን ለብሰው ምሰሶውን ተደግፈዋል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ሰው እያየ አጠገባቸው ተቀምጬ ቅልጥማቸውን በአውራ ጣቴ ተጫንኩ። ጎደጎደ።

«ይህ ውኃ ነው» አልኩ። «እኔም ይኸው ነበር ያለብኝ። ጎንደር ውሰዷቸው። የእሳቸው ገና ያልገፋ ሊሆን ይችላል።»

ታላቁ ልጃቸው ጎሹ እጄን ያዘኝ፤ በጨዋነት ነው የያዘኝ። «እማማ ትርንጎ፣ ተይ። ያንችው ሂዷል፤ ያባባን ልትወስጅ አትምጭብን» አለኝ። ሰው አጉረመረመ።

አያ በለጠ ግን ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። ቃል ለማውጣት ብዙ ትንፋሽ ፈጀባቸው።

«ያች ሐኪም ታስተኛለች?» አሉኝ።

«ታስተኛለች፣ አያ። በሁለት ትራስ ነው የምተኛው።»

ልጆቻቸውን አዩ። ልጆቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ፈገግ አሉ፤ አባታቸውን ይወዷቸዋል፣ ያንን አይቻለሁ። እኔን ደግፈው አስወጥተው በቅሎዬ ላይ አወጡኝ። በነጋታው ጤና ጣቢያ ሄዶ የሚነግርላቸው ሰው ላክሁ፤ የመጣውን የጤና ባለሙያ ልጆቹ ጠበል ላይ ናቸው ብለው መለሱት። ቄስ ሞላንም ለመንኳቸው፤ ሄዱ፣ ግን ሕዝቡ ፊት የሐኪም ነገር ሳያነሡ ባርከው ተመለሱ። እኔም ውኃው ተመልሶብኝ ጎንደር ገባሁ። ስመለስ አያ በለጠ ተቀብረዋል።

ሰው ከመቃብራቸው አፈር እየዘገነ ለሕመም ይወስዳል። ባለፈው ሰሞን ጎሹ ራሱ ቤቴ መጣ። አፈሩን በጨርቅ ቋጥሮ «ለትንፋሽሽ ይሁንሽ ብዬ ነው» አለኝ። ቂም የሌለበት፣ አንጀት የሚበላ ልጅ ነው። ተቀበልኩት። አባትህ እንዴት ሁነው አረፉ ብዬ ጠየቅሁት።

«ሊያርፉ ሲሉ አንችን ይጠሩ ነበር» አለኝ። «‹ያችን ሴት ጥሯት፣ ማኪና ይዛ ትምጣልኝ› ይሉ ነበር። በስተመጨረሻ ሰይጣን ሊፈትናቸው ነው ብለን አልጠራንሽም። ሸጋ አሟሟት ነው የሞቱ፤ እንደተቀመጡ።»